ያልተፈታው የጫማ ማሰሪያ

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከከተማው የመጨረሻ ቤቶች ትንሽ አለፍ ብሎ አንድ የመብራት ምሰሶ ቆሟል። እዚያ ሥር ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ስንት ጊዜ እንዳሰርኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ማሰሪያው ግን አንድም ቀን ተፈትቶ አያውቅም። ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሲሰማ፣ ባጃጅ ሲቃረብ ወይም ወተት ይዘው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ከፊት ብቅ ሲሉ ቆሜ እጎነበሳለሁ። የታሰረውን ፈትቼ እንደገና አስረዋለሁ። ትንፋሼ እስኪመለስ ጣቶቼ ይዘገያሉ። ሰዎቹ ሲያልፉ ቀና እላለሁ። ደክሞት ሳይሆን ጫማው ተፈትቶበት የቆመ ሰው መስዬ ለመታየት ነበር።

ወሩ ኅዳር ነው። በባሌ ደጋ የኅዳር ንጋት አጥንት ይሰብራል። የሱብሂ አዛን ካለቀ ብዙም ሳይቆይ ከቤት ስወጣ ሳሩ ላይ ያደረው ጤዛ ነጭ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ባሌ ውስጥ ቦና በሚባለው ወቅት የተዘራው ስንዴ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ከአዳማ ለሥራ ወደ ሮቤ ከመጣሁ ገና ጥቂት ቀኔ ነበር። ሐኪም ግፊቴን ለክቶ፣ በ43 ዓመቴ ከወንበር ተነስቼ መንቀሳቀስ ካልጀመርኩ መድኃኒት ልጀምር እንደምችል ነግሮኛል። ሩጫ የመረጥኩት ዋጋ ስለማያስወጣ ነው። ከሰልቫጅ ተራ አንድ ጥንድ ጫማ ገዛሁና ወጣሁ።

በአምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ምሰሶው ሥር ጎንበስ ባልኩበት፣ የደበዘዘ አረንጓዴ ቱታ የለበሰ ወጣት ደረሰብኝ። ከሌሎቹ ተለይቶ አላለፈኝም፤ ቆመ። ጫማዬን አየ፣ ፊቴን አየ።

«ጋሼ፣ ማሰሪያዎ ደህና ነው» አለኝ። «የፈጠኑት እርስዎ ነዎት።»

ከዚያ በእጁ መዳፍ አየሩን ወደ ታች እየተጫነ «ሱታ፣ ሱታ» አለ። በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። አብሬው እንድሄድ ምልክት ሰጠኝና መሮጥ ጀመረ፤ ያ ሩጫ ከእርምጃ በጥቂት ብቻ የሚፈጥን ነበር። ይህን የመሰለ ልጅ እንዲህ ይዘገያል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሁለት ምሰሶ ሮጥን፣ አንድ ምሰሶ በእግራችን ሄድን። ደግሞ ሁለት ሮጥን። ሰባት ጊዜ ያህል ከደጋገምነው በኋላ ዞር ብዬ ሳይ የእኔ ምሰሶ ከዓይን ጠፍቷል።

ልጁ የነገረኝን በኋላ በመጻሕፍት አገኘሁት። ሰው ከቆመበት ተነስቶ ሲሮጥ ጡንቻው ወዲያውኑ ብዙ ኦክስጅን ይጠይቃል። ልብና ሳንባ ግን ያንን ጥያቄ እስኪያሟሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። እስከዚያ ድረስ ሰውነት ጉድለቱን ከሌላ የኃይል ምንጭ ይሸፍናል፤ ትንፋሽ የሚቆራረጠው፣ ደረት የሚጠበው፣ እግር የሚከብደው ያኔ ነው። ቀስ ብሎ የጀመረ ሰው ይህን ደጃፍ ተሻግሮ ትንፋሹ የሚደላደልበት ቦታ ይደርሳል። በጥድፊያ የጀመረው ግን ዕዳው በየእርምጃው ስለሚጨምር አይደርስበትም። ብዙ ጀማሪዎች ሩጫን የሚያውቁት እስከዚያ ደጃፍ ብቻ ነው። ሦስት ደቂቃ ሮጠው፣ ታፍነው፣ «ለእኔ አልተፈጠረም» ብለው ይመለሳሉ። ቤቱን ግን አልገቡበትም።

ሮቤ ላይ ደግሞ ከፍታው ይጨመርበታል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢርቅም ከፍታው 2,743 ሜትር ነው። ወደ 250 ሜትር የሚጠጋው ልዩነት በመንገዱ ሁሉ ተበትኗል። ዓይን ሜዳ የሚለውን እግር ዳገት ይለዋል። ሰው ታዲያ ሜዳ ላይ ነው የደከምኩት ብሎ ራሱን ይወቅሳል።

ለረጅም ጊዜ አእምሮዬን እንደ ጠላት ቆጥሬው ነበር። «አትችልም፣ ተመለስ» ሲለኝ ሰነፍ ነው፣ ፈሪ ነው፣ ልረታው ይገባል እል ነበር። ልጁ ከደረሰብኝ ወዲህ ሳስበው ግን ያ ድምፅ አልዋሸኝም። በዚያ ፍጥነት በእርግጥ አልችልም ነበር። ያጠፋሁት «በዚህ ፍጥነት» የሚለውን ቃል ሳልሰማ «አትችልም» የሚለውን ብቻ መስማቴ ነው።

ለምን ቸኮልኩ? መልሱን ያገኘሁት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ከአዲስ አበባ በአርሲ በኩል ወደ ባሌ የሚመጣ ሰው አሰላን አልፎ በቆጂ ይደርሳል፤ ከዚያ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ አድርጎ ሮቤ ይገባል። ይህ መንገድ በዓለም ላይ በጀግና ሯጭ ብዛት አቻ ከማይገኝላቸው ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአሰላ አቅራቢያ ካለው ቤቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመላለስ ነበር፤ ደብተሩን የያዘበት የግራ ክንዱ አቀማመጥ ዓለም አቀፍ ውድድር ላይም አልተለየውም። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ የበቆጂ ልጆች ናቸው። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የስፖርት መምህር ሆኖ በዚያች ከተማ ያፈራቸው ልጆች ያገኙትን ወርቅ ብዙ አገሮች በታሪካቸው አላገኙም። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ፋጡማ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ የሴቶችን ማራቶን ስታሸንፍ ከአፍሪካ ሴቶች ቀዳሚዋ ነበረች።

በዚህ እኮራለሁ። በወጣትነቴ የኃይሌንና የፖል ቴርጋትን የሲድኒ ፍጻሜ ቆሜ፣ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ነው ያየሁት። ግን እላለሁ፦ አገራችን ሩጫን ያስተማረችን በማሸነፊያው መስመር በኩል ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ እንደገባ ሁላችንም እናውቃለን። የመጀመሪያ ቀን ልምምዱ ላይ ምን እንደተሰማው የሚያውቅ ማነው? ሯጭ ስንል የምናየው ሥዕል የመጨረሻ መቶ ሜትሩን የሚበር ሰው ነው። የ43 ዓመት ሰው ሆዱን ይዞ በሮቤ አስፋልት ሲንቀሳቀስ በዚያ ሥዕል ራሱን ይለካል፤ የሚያየው ሰው ሁሉም በዚያ የሚለካው ይመስለዋል። ስለዚህ ሰው ሲያይ ይፈጥናል። ሲፈጥን ይታፈናል። ሲታፈን ማሰሪያውን ያስራል።

በኅዳር 1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከዚህ አንጻር ትልቅ ነገር ሠርቷል ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ቢሆንም 10,000 ተሳታፊ ነበረው። ዛሬ መስቀል አደባባይ በየዓመቱ በአንድ ቀለም ካናቴራ ሲጥለቀለቅ ከፊት የሚፋለሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ኋላ ያለው ሕዝብ እየዘፈነ፣ እየተራመደ፣ እየሮጠ፣ ውኃ እየተረጨ ነው የሚገባው። እዚያ ውስጥ ማንም ማንንም ለምን ቀስ አልክ አይለውም። ይህ መንፈስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ ሲያልፍ ያልፋል። ሰኞ ጠዋት፣ ብቻህን፣ ያለ ካናቴራ ስትወጣ አብሮህ አይወጣም።

ወደ አእምሮው ልመለስ። ሳሙኤሌ ማርኮራ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 በዌልስ ባንጎር ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ አሳተመ። 16 ሰዎች በሁለት የተለያዩ ቀናት እስኪዝሉ ብስክሌት ጋለቡ። በአንደኛው ቀን አስቀድመው ለ90 ደቂቃ ኮምፒውተር ላይ አእምሮ የሚያደክም ሥራ ሠርተዋል፤ በሌላው ቀን ጸጥ ያለ ፊልም አይተዋል። ፊልም ባዩበት ቀን በአማካይ 12 ደቂቃ ተኩል ያህል ጋለቡ፤ አእምሯቸው በደከመበት ቀን ወደ 10 ደቂቃ ተኩል ዝቅ አለ። ልባቸውም ጡንቻቸውም ልዩነቱን ሊያስረዳ የሚችል ለውጥ አላሳዩም። የተለወጠው ሥራው ምን ያህል ከባድ ሆኖ ተሰማቸው የሚለው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ያሳተመው ደግሞ ይበልጥ አስገረመኝ። የራግቢ ተጫዋቾች በ242 ዋት ኃይል «ከእንግዲህ አንችልም» እስኪሉ ጋለቡ። ባቆሙበት ቅጽበት ለአምስት ሰከንድ ብቻ ያላቸውን ሁሉ እንዲሰጡ ታዘዙ። በአማካይ 731 ዋት አወጡ፤ አንችልም ካሉት ሦስት እጥፍ። ጡንቻው ገና ኃይል ነበረው። ያቆመው «የሚያስፈልገኝ ልፋት ልሰጥ ከፈቀድኩት በለጠ» የሚለው የውስጥ ሂሳብ ነው።

ይህን ሳነብ የራሴን ቀናት ቆጠርኩ። ከሥራ በኋላ አመሻሽ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ከወረቀትና ከሰው ጋር ተጨቃጭቄ የሮጥኩባቸው ቀናት ሁሉ የከፉ ነበሩ። እግሬ ነው ብዬ ነበር። ጠዋት ላይ ብቻ ለመሮጥ የወሰንኩት ከዚህ በኋላ ነው። ሌላም ወሰንኩ፦ ማታ ቱታዬን ወንበር ላይ፣ ጫማዬን በር ሥር አስቀምጣለሁ። ጠዋት «ልውጣ አልውጣ» ብዬ ራሴን አልጠይቅም። ጥያቄው ራሱ አድካሚ ነው፤ በብርዱ አልጋ ውስጥ ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መባል አለበት። ልፋትና ሕመም አንድ አይደሉም። ደረትን የሚጨመድድ ሕመም፣ ራስ ማዞር፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ስሜት ሲመጣ ሰው «አእምሮዬን ላሸንፍ» ብሎ መቀጠል የለበትም። ቆሞ ሐኪም ጋ ይሂድ። ግፊት ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊትም ይሂድ።

ስለ አንድ ቃላችን ብዙ አስቤያለሁ። «አይዞህ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል። ከሌላ አፍ ነው የሚመጣው። ሰው ራሱን ሲያበረታ እንኳ ብዙ ጊዜ «አይዞኝ» አይልም፤ ለሌላ እንደሚናገር ሆኖ «አይዞህ፣ ትንሽ ቀረህ» ይላል። ይህ ልማድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የማርኮራና የባልደረቦቹ ጥናት 24 ሰዎችን ያሳተፈ ነበር፤ የግማሾቹ ሥራ ለሁለት ሳምንት ራሳቸውን የሚያበረታቱባቸውን ቃላት መርጠው መለማመድ ነበር። እነዚህ እስኪዝሉ የቆዩበት ጊዜ በ18 በመቶ ጨመረ፤ ያልተለማመዱት ለውጥ አላሳዩም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የ10 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ጋላቢዎች ለራሳቸው «እኔ እችላለሁ» ከሚሉ ይልቅ «አንተ ትችላለህ» ሲሉ ፈጥነው እንደጨረሱ አሳየ። አማርኛ ይህን ቀድሞ ያወቀው መሰለኝ። ለራስ እንደ ሌላ ሰው መናገር ከድካሙ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ያደርጋል፤ የሚደክመው አንዱ ነው፣ የሚያበረታው ሌላው።

የእኔ ቃል «ሱታ» ሆነ። ከልጁ አፍ የወሰድኩት ስለሆነ ስናገረው የምሰማው የእሱን ድምፅ ነው።

ልጁ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ገበሬ ልጅ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ገና ያልታወቀ ሯጭ ነው፣ ሲታወቅ በራሱ ይታወቅ። አብረን በምንሮጥበት ጊዜ ብዙ አያወራም። ያስተማረኝ ሁለተኛ ነገር ግን «እግር ተከተል» ነው። ከኋላው አድርጎኝ፣ ዓይኔን ተረከዙ ላይ አሳርፌ፣ እሱ በሚያነሳበት እንዳነሳ፣ በሚጥልበት እንድጥል አደረገኝ። የመጀመሪያ ቀን ሞኝነት መሰለኝ። በሁለተኛው ቀን ከሦስት ኪሎ ሜትር በኋላ ምን እያሰብኩ እንደነበር ሳስታውስ ምንም አልነበረም። የተረከዙን ጎማ መበላት፣ በግራ ካልሲው ላይ ያለውን ቀዳዳ፣ የአስፋልቱን ስንጥቅ ብቻ አየሁ። ስንት ቀረኝ የሚለው ድምፅ የሚቀመጥበት ቦታ አጣ።

አዲስ አበባ ውስጥ ከአትሌቶች ጋር 15 ወር ያህል እየሮጠ የኖረው ብሪታኒያዊ የሥነ ሰብ ተመራማሪ ማይክል ክሮሊ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ነው በሰፊው የሚተርከው። የኛ ሯጮች በጫካ ውስጥ በአንድ መስመር፣ አንዱ የአንዱን እግር እየተከተለ፣ ኃይል እየተጋሩ ይሮጣሉ፤ ቀላል በሚሉት ቀን የሚገርም ዝግታ አላቸው። ብቻን መሮጥ እንደ መገለል ይታያል። ኮንዲሽን የሚሉት ያ የሚመጣና የሚሄድ ጥሩ አቋም የግል ንብረት ብቻ አይደለም፤ ከቡድኑ ይገኛል። የውጭ ሰው ጽፎት ሳነብ የቤቴን ዕቃ ሰው እጅ ላይ እንዳየሁ ያህል ሆነብኝ።

ለባሌ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ለዘመናት የሼክ ሁሴን ጎብኚዎች ድሬ ሼክ ሁሴን ከተባለው የሙስሊሞች ቅዱስ ስፍራ ለመድረስ ቀናትና ሳምንታት በእግራቸው ተጉዘዋል። ጫፉ መንታ የሆነውን ኡሌ የተባለ በትር ይዘው፣ በውዳሴ ዜማ እየተቀባበሉ፣ ሽማግሌውም ሴቱም ሕፃኑም ይሄዳል። ያን ያህል መንገድ ብቻውንና በዝምታ ይወጣው የነበረ ሰው ምን ያህሉ ነው? ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ12 ጀልባ ቀዛፊዎች ላይ የተደረገ ሙከራ አለ። ለብቻቸውና አብረው፣ ለእኩል ጊዜ፣ በእኩል ልፋት ቀዝፈው ሕመም የመቻል አቅማቸው ሲለካ አብረው በቀዘፉ ጊዜ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ በአንድ ምት መንቀሳቀስ ሰውነት ውስጥ የሚመነጨውን ሕመም አደንዛዥ ንጥረ ነገር ይጨምራል ብለው ያስባሉ። ዜማ እየተቀባበሉ የሚሄዱት መንገደኞች ላብራቶሪ አላስፈለጋቸውም።

ስለ ትንፋሽ ይህን ያህል ስጽፍ፣ የሁለት ልጆች እናት የሆነች ጎረቤቴ የነገረችኝን ካላስገባሁ ዘገባው ጎዶሎ ነው። «አንተን የሚያቆምህ ትንፋሽህ ነው፤ እኔን የሚያቆመኝ የሰው አፍ ነው» አለችኝ። ወንድ ሲሮጥ ቢበዛ ያዩታል። ሴት ስትሮጥ ይጠይቋታል፦ ማንን ልታገኚ ነው፣ ቤቱን ለማን ትተሽ ነው፣ ይህ ልብስ ምንድን ነው። እሷ የጀመረችው ከሁለት ጓደኞቿ ጋር፣ ረጅም ልብሷንና ሂጃቧን ሳትቀይር፣ ፈጣን እርምጃ በመሄድ ነው። ሦስት ሆነው ሲሄዱ የሚጠይቃቸው ሰው ቀነሰ። ከወር በኋላ በእርምጃው መሃል መሮጥ ጨመሩበት። አዲስ አበባ ላይ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው የ5 ኪሎ ሜትር «ቅድሚያ ለሴቶች» ሩጫ ይህን ዓይነቱን አጥር ለማፍረስ ረድቷል፤ በየክልሉ ከተማ ቢበዛ ምንኛ ጥሩ ነበር። የደራርቱና የፋጡማ አገር ሴት ልጅ በገዛ መንገዷ ላይ ለመሮጥ ሦስት መሆን የለባትም።

በጥር አንድ ቅዳሜ ከልጁ ጋር በመኪና ወደ ሳነቴ ወጣን። ከጎባ በላይ መንገዱ የአስታ ቁጥቋጦውን እየሰነጠቀ ይወጣና ከ4,000 ሜትር በላይ ባለ ገላጣ አምባ ላይ ይጥላል። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሆኖ ከፊት ይታያል፤ ጅብራዎቹ እንደ ዘበኛ ቆመዋል። ይህ ሁሉ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። እዚያ አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ያህል ነው። በመንገዱ ጠርዝ «ሱታ» እያልኩ መሮጥ ሞከርኩ። መቶ እርምጃ ሳልሞላ ቆምኩ። ጎንበስ አልኩ፤ እጄ ወደ ጫማዬ ሳይሆን ወደ ጉልበቴ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው ቀይ ቀበሮውን ያየነው። ከመንገዱ ሰላሳ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ እንደ እሳት ቀልቶ፣ አፍንጫውን ወደ መሬት ሰክቶ ይሄዳል። በዓለም ላይ ቁጥሩ ከ500 የማይበልጥ፣ ከግማሽ በላዩ እዚህ ባሌ የሚኖር እንስሳ ነው። ሦስት እርምጃ ሄዶ ይቆማል። ጆሮውን ያቀናል። አንድ እግሩን አንስቶ አየር ላይ ያቆየዋል። እንደገና ሁለት እርምጃ። ሩብ ሰዓት ሙሉ አየነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሮጠው አንዴ ብቻ፣ ምናልባት ለሁለት ሰከንድ ነው፤ አይጧን ይዞ ቀና አለ። በዚህ ከፍታ የተፈጠረ እንስሳ እንኳ ትንፋሹን እንዲህ ቆጥቦ ነው የሚያወጣው።

ሰውም በዚህ ተራራ ላይ አዲስ አይደለም። ፊንጫ ሀበራ በተባለ የዐለት ጥግ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የጥንት ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ይኖሩ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ግዙፉን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ፣ ለመሣሪያ የሚሆን ጥቁር ባልጩት ከዚያም በላይ ካለ ከፍታ ያመጡ ነበር። ለደጋ አዲስ የሆነ ሰው ደሙ እስኪለምድ ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ ሰውነት ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ የሚሠራው በአንድ ሌሊት አይደለም። ከአዳማ 1,700 ሜትር የመጣሁ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ራሴን ሰነፍ ማለቴ በደሜ ላይ የፈረድኩት ያልተገባ ፍርድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቀና አልሆነም። በየካቲት ጉንፋን ይዞኝ 12 ቀን ተኛሁ። ስነሳ መጀመሪያ የመጣብኝ «ሁሉም ጠፋ» የሚል ሐሳብ ነው፤ ከመጀመሪያው ድካም ይህ ሐሳብ ይከፋል። አልጠፋም። በሁለት ምሰሶ ሩጫና በአንድ ምሰሶ እርምጃ እንደገና ጀመርኩ፤ በአንድ ሳምንት ተመለስኩ። አንድ ጠዋት ሦስት ውሾች ከቤት አጥር ወጥተው ከበቡኝ፤ ልጁ እንዳስተማረኝ ሩጫዬን ገትቼ ድንጋይ እንደማነሳ ጎንበስ ስል ሸሹ። በባሌ ገና የሚባለው የበልግ ዝናብ በመጋቢት ሲጀምር የአስፋልቱ ዳር ጭቃ ሆነ፤ ሁለት ቀን ቀረሁ፣ በሦስተኛው ወጣሁ።

በሚያዝያ አንድ እሑድ ከልጁ ጋር ወደ ጎባ ጉዞ ጀመርን። ስለ መድረሳችን ብቻ እንጂ በስንት ሰዓት እንደምንደርስ አልተነጋገርንም። አሥረኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ዳገቱ ራሱን ገለጠ። ተረከዙን እያየሁ፣ ካልሲው ተቀይሮ፣ ቀዳዳው ጠፍቶ፣ ስምንት ምሰሶ፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ከጀመርን ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የጎባ የመጀመሪያ ቤቶች ታዩ። አንዲት ሴት በረንዳዋ ላይ እህል እያበጠረች ነበር። ሰፌዱን አቁማ አየችን። እኔም አየኋት። አልፈጠንኩም።

በሚኒባስ ስንመለስ ልጁ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ወረደ፤ ማሳቸው እዚያ ነው፣ የገናውን ገብስ ሊዘሩ ነው። «ነገስ?» አልኩት በመስኮት። «ነገ ሥራ አለ፤ ከነገ ወዲያ» አለኝ። ሰኞ ጠዋት በር ሥር ያለውን ጫማ አድርጌ ብቻዬን ወጣሁ። ጭጋጉ ምሰሶዎቹን ውጧቸው ስለነበር የሚታየኝ አንድ ብቻ ነው፤ ስደርስበት ደግሞ ሌላ አንድ።